ዘጠነኛው ዲስኬት

ፕላውን ከተማ፣ ከሐዲዱ ማዶ፣
በየካቲት ማለዳ፣ ጣሪያው ላይ በረዶ፣
ምድር ቤት ውስጥ የዳንቴል መኪና ቆሟል፤
ሌት ተቀን ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ግን ታሟል።

እሱስ አልታመመም። ብረቱ ደኅና ነው፣ መርፌውም ስል ነው፤
የታመመው ጌታው ነው፣ ያ ቢጫ ኮምፒውተር፣ ትእዛዝ የሚሰጠው።

ወይዘሮ ሮስቪታ መሐረቧን እያጠፈች፣
«ሄር ይርዳው፣ ሁሉም አዲስ ግዢ ይለኛል» አለች፤
«አዲሱንማ ገዛሁ። መኪናው አልሰማ አለው፤
ቅድመ አያት ከልጅ ልጅ ልጁ ጋር እንደሚያወራው።»

ሣጥኔን ፈታሁ። ዐሥራ ሦስት ዲስኬት፣
በላስቲክ የታሰሩ፤ የዛሬ ሠላሳ ዓመት
ዓለም ተሰልፎ የገዛው መስኮት።

«መጫን» የሚለው ቃላችን ሁለት ጀርባ አለው፦
በቅሎም ይጫናል፣ ሥርዓትም ይጫናል፤ ማን ይለየው።
በቅሎን በቀስታ ነው፣ ጀርባው እንዳይላጥ፤
በአሮጌ ጀርባም ላይ የዘመኑ ጭነት አይቀመጥ።
አዲሱን ብትጭንበት ይንበረከካል፤
የለመደውን ከሰጠኸው፣ እያነከሰም ይሄዳል።

አንዱን አጎረስኩት። ቆርጠም፣ ቆርጠም፣ ሽምብራ እንዳገኘ ፈረስ።
ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። እንዲህ እያልን እስከ ስምንተኛው ድረስ።
ዘጠነኛው ላይ ቆመ።
«ማንበብ አልቻልኩም» የሚል ነጭ ጽሑፍ በሰማያዊ ላይ ታተመ።
አወጣሁት፤ በሸሚዜ ጠረግሁት፤ እፍ አልኩበት፤
መለስኩት። አሁንም እምቢ። አንዲት ነጥብ፣ ከጤፍ የምታንስ፣ ሻግታበት።

ፎቅ ወጥታ ተመለሰች፣ የሟች ባሏን ሣጥን ይዛ፤
ኤክሃርት ማለት ሰው ነበር፣ መጣል የሚችል እጅ ያልገዛ።
የዓሣ መንጠቆ፣ የደረቀ ቡሽ፣
ከነሱ ሥር ዲስኬቶች። አራቱ የሉም። አንዱ ተሰብሯል።
ዘጠነኛው አለ። ጀርባው ላይ በእርሳስ «ደኅናው ይህ ነው» ብሎ ጽፏል።

ከዚያ ወዲያ ቀና። ሲመሽ ዓይኑን ገለጠ፤
ባትሪው ሞቶበት ኖሮ፣ የተሳሳተ ቀን ጽፎ ተቀመጠ፦
ጃንዋሪ አንድ፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ።
ላስተካክል ስል እጄን ያዘች። «ያኔ እኮ» አለች፣ «ሃያ
ሦስት ዓመቴ ነው። ፋብሪካው የመንግሥት፤ መንግሥቱም ዛሬ በካርታ የሌለ።»
ዝም አለች። ቆይቶ ድምፅዋ ቀጠለ፦
«አንድ ዓመት ዝቅ አይልም? ኖቬምበር ሰባ ዘጠኝ?»

ሞከርኩ። ለሱ ዓለም የተፈጠረችው በሰማንያ ነው፤
ከዚያ በፊት ውሃም የለ፣ በውሃው ላይ ጨለማም የለው።
እኔም፣ ሰባት ዓመት ወደኋላ ከሚቆጥር አገር የመጣሁ፣
ዘመን መመለስ ቀላል ነው ስል የኖርኩ፣ አንገቴን ደፋሁ።
ያ ኖቬምበር ምን እንደወሰደባት አልጠየቅኋት፤
ወይም ምን እንደሰጣት።
ቀኑን እንዳለ ተውነው።

መኪናው ተነሣ። የጠረጴዛው ብርጭቆ ተንጫጫ፤
ዳንቴሉ ወረደ፣ ቅጠል በቅጠል፣ ነጭ በነጭ፣
ሦስተኛው አበባ ላይ አንዲት ስፌት እስክትዘል ድረስ።
«ከዲስኬቱ ይሆናል» አልኩ፣ «ልጫነው እንደገና?»
ጨርቁን ወደ መብራቱ አነሣች። «ዳንቴል ራሱ ምን ሆነና?
ቀዳዳ ነው እኮ፣ ክር የከበበው።»

ባቡሩ አምልጦኝ ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ።
ጣቶቼ ዝገት ዝገት ይሸታሉ።
ስልኬ በኪሴ ተንቀጠቀጠ፦
«አዲስ ሥርዓት ተዘጋጅቷል። ልጫንብህ?»

ነገ፣ አልኩት።